የማናውቀው ሰው ፊርማ



በዚህ ዓመት ከምናስተምራቸው የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ፣ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ለሚለው የዘወትር ጥያቄያችን «ኤሮስፔስ ኢንጂነር» ብላ ጽፋ ሰጠችን። ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ሹፌር፣ መምህር ከሚሉት ወረቀቶች መካከል (መምህር የሚለው ከዓመት ዓመት እየሳሳ መምጣቱን ሳንጠቅስ አናልፍም) የእሷ ለየት ስላለብን ለክፍሉ አነበብነው። «ለመሆኑ ኤሮስፔስ ኢንጂነር ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ስንጠይቅ አንዱ አብራሪ ነው አለ፤ ሌላው ቦሌ ላይ አውሮፕላን የሚጠግን ነው አለ፤ ከኋላ የተቀመጠ ቀልደኛ ደግሞ ጨረቃ ላይ ኮንዶሚኒየም የሚሠራ ነው ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ከሳምንት በኋላ አባቷ ለሌላ ጉዳይ ትምህርት ቤት መጥተው ሳለ ነገሩን ብናነሣባቸው፣ «ኡስታዝ፣ እባክዎ ይቺን ሐሳብ ያስጥሉልኝ፤ ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ ለጎረቤት ማስረዳት አልቻልኩም» አሉን።

ለአባትየው በር ላይ ቆመን በጥቂቱ የነገርናቸውን፣ ጊዜ አጥተን ሳንነግራቸው የቀረነውንም ጭምር በዚህ ወር ዓምዳችን ልናቀርበው አሰብን። ልጆቻችን እዚያ ሥራ ውስጥ ይግቡም አይግቡም፣ ሥራው እኛን ይነካናል። ለዑምራም ሆነ ለንግድ፣ ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ስንሄድ፣ ፊቱን አይተነው በማናውቀው በዚህ ሰው እጅ ላይ ነንና።

በመጀመሪያ ሦስቱን ሰዎች እንለይ። አብራሪው አውሮፕላኑን ያበርራል። ቴክኒሻኑ፣ ማለትም እኛ ስንተኛ ሃንጋር ውስጥ በመብራት ሲሠራ የሚያድረው፣ የጥገናው መጽሐፍ ባዘዘው መሠረት ይፈትሻል፣ ያረጀውን ይለውጣል፣ ለሠራው ይፈርማል። መሐንዲሱ ግን መጽሐፉ ከመጻፉ በፊት ያለ ሰው ነው። የክንፉ ቆርቆሮ ውፍረት ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን? ጎማው ስንት ጊዜ ካረፈ በኋላ ይለወጥ? አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው አውሮፕላኑን ወዴት ድረስ ያደርሰዋል? መብረቅ ቢመታው፣ ክንፉ ላይ በረዶ ቢጋገር፣ ወፍ ሞተሩ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል? እነዚህን ጥያቄዎች እያነሣ በስሌትና በሙከራ መልስ የሚሰጥ፣ መልሱን ጽፎ ፊርማውን የሚያኖር እሱ ነው። ስሙ «ኤሮስፔስ» የተባለውም ሥራው ከአየሩ ውስጥም ከአየሩ በላይም ስለሆነ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላንም፣ ሮኬትም፣ ሳተላይትም በዚሁ ሙያ ሥር ይወድቃሉ። አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስወነጨፈቻት፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የነበረችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም የዚህ ሙያ ሥራ ናት።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው አይሠራውም። ቦይንግ 747 የተባለው ትልቁ አውሮፕላን ብቻ 6 ሚሊዮን ያህል ክፍሎች ነበሩት፤ ግማሾቹ ማያያዣዎች ናቸው። አንዱ መሐንዲስ ዕድሜውን ሙሉ የበር ማጠፊያ ሲያስብ ሊኖር ይችላል። ይህ ለሰሚው የሚያሳንስ ይመስላል፤ ነገር ግን በ10 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የበር ማጠፊያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ጥርጣሬ ሲገባው ብረትና ሲሚንቶ ይጨምራል፤ ሕንፃው ቢከብድ መሬት ይሸከመዋል። የአውሮፕላን መሐንዲስ ግን ይህ ዕድል የለውም። የጨመረው ኪሎ ሁሉ ወይ ከነዳጅ ወይ ከመንገደኛ ላይ ይቀነሳል፤ ከበዛም አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሣም። ስለዚህ ሕጉ፣ ክንፉ በአገልግሎት ዘመኑ ይደርስበታል ተብሎ ከሚታሰበው ከፍተኛ ጭነት 1.5 እጥፍ የሚሆነውን እንዲሸከም ይጠይቃል። 10 እጥፍ ወይም 5 እጥፍ አይደለም። ትርፉ ቀጭን በመሆኑ ስሌቱ ብቻውን አይታመንም፤ አውሮፕላኑ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ቦይንግ 787 የተባለውን አውሮፕላን ሲፈትኑ ክንፎቹን በዚሁ በ1.5 እጥፍ ጭነት ወደ ላይ ሲጎትቷቸው ጫፋቸው ወደ 7.6 ሜትር ያህል ወደ ላይ ታጥፏል። ከአንድ ፎቅ ቤት በላይ ማለት ነው። አልተሰበረም። በመስኮት በኩል የክንፉን መወዛወዝ አይተው ዱዓ ለሚያበዙ እናቶቻችን ይህን ብንነግራቸው ትንሽ ሳያረጋጋቸው አይቀርም፤ ዱዓውን ግን አይተዉት።

ሌላም አለ። አውሮፕላን ላይ አደጋ ቢደርስ ሰው ሁሉ ከመውጫዎቹ በግማሾቹ ብቻ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንዲችል ሕጉ ያስገድዳል። ባለ ሁለት ፎቁ ኤርባስ ኤ380 እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ጀርመን አገር ሃምቡርግ ውስጥ ሲፈተን፣ 853 መንገደኞችና 20 የበረራ ሠራተኞች በጨለማ ውስጥ በ78 ሰከንድ ወጥተዋል። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጫማችንን ፈልገን ከመስጊድ በር ለመውጣት የሚፈጅብንን ጊዜ አስቡና አወዳድሩት!

እነዚህ ፈተናዎች ከአየር ላይ የመጡ አይደሉም፤ አብዛኞቹ በሰው ሕይወት የተገዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 እንግሊዞች ኮሜት የተባለውን የመጀመሪያውን የጄት መንገደኛ አውሮፕላን ሥራ ላይ አዋሉ። በ1954፣ በጃንዋሪና በኤፕሪል፣ ሁለት ኮሜቶች ሜዲትራንያን ባሕር ላይ አየር ላይ ሳሉ ተበጣጠሱ። መሐንዲሶቹ አንድ ሙሉ የኮሜት አካል ውሃ በተሞላ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ከተው፣ በእያንዳንዱ በረራ ላይ እንደሚሆነው ውስጡን በግፊት እየነፉና እያስተነፈሱ ሌት ተቀን ደጋገሙት። ከ3 ሺህ በረራ ጋር የሚመጣጠን ድግግሞሽ ላይ ሲደርስ አካሉ ተቀደደ። ስንጥቁ የተነሣው ለመስኮት ከተከፈተ ቀዳዳ ጥግ ነበር። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ስናጥፈው እንደሚሰበር ማለት ነው፤ አንዴ ማጠፍ ምንም አያደርገውም፣ ድግግሞሹ ግን ያደክመዋል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም መሐንዲስ «ይሸከማል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ጊዜ ይሸከማል?» ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ፣ ብልሽቱ ሰው ሁሉ የሚያልቅበት ከሆነ፣ የመከሰት ዕድሉ በ1 ቢሊዮን የበረራ ሰዓት 1 ጊዜ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ እንዲሆን ይጠበቃል። 1 ቢሊዮን ሰዓት ወደ ዓመት ሲለወጥ 114 ሺህ ዓመት ይሆናል። ይህን ያህል ጊዜ አብርሮ የሚፈትን ሰው የለም። ታዲያ መሐንዲሱ እንዴት አድርጎ ይደርስበታል? በሁለት ነው። አንድ መለኪያ ሊዋሽ ይችላል፤ ሁለት የማይገናኙ መለኪያዎች በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ውሸት መዋሸታቸው ግን እጅግ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ወይም ሦስት የሃይድሮሊክ መስመር፣ ሁለት አብራሪ ይደረጋል። መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም፤ ሐፍዘናል ብንልም ሌላ ሰው ፊት ሳናሰማ አያሳልፉንም ነበር። የራሱን ስሕተት በራሱ ጆሮ የሚሰማ ጥቂት ነው።

መለኪያ ስንል ተማሪዎቻችን የሚያውቋትን አንዲት ታሪክ እግረ መንገዳችንን እናንሣ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ማርስን ልትዞር የተላከች የአሜሪካ መንኮራኩር ጠፋች። አንዱ ቡድን የግፊቱን መጠን በእንግሊዝ መለኪያ በፓውንድ ሲያሰላ፣ ሌላው በሜትሪክ በኒውተን መስሎት ተቀበለው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ማለፍ ሲገባት ወደ 57 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብላ ገባች። በዚያች ሰው አልነበረም፤ ወጪው ብቻ ነው የጠፋው። «ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ዩኒቱን ብቻ ነው የረሳሁት፤ ለምን ግማሽ ማርክ ይቀነሳል?» ብሎ ለሚሟገተን ተማሪ መልሳችን ከዚያ ወዲህ ይቺ መንኮራኩር ሆናለች።

የሰው ሕይወት ያለበትን እንመልከት። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ ዩታ በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ሀገር የሮኬት ኩባንያ ውስጥ የተቀመጡ መሐንዲሶች ከናሳ ሰዎች ጋር በስልክ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በማግስቱ ቻሌንጀር የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎችን ይዛ ልትነሣ ነው። ፍሎሪዳ ላይ ሌሊቱ በረዶ ይሆናል ተብሏል። የመንኮራኩሯ ግዙፍ ሮኬቶች ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠሙ ሲሆኑ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ እሳቱ እንዳያመልጥ የሚይዝ የጎማ ቀለበት አለ። የቤት ቧንቧ እንዳያፈስ የምናስገባትን ጎማ በብዙ እጥፍ አስበልጣችሁ አስቡት። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ተጭኖ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም።

ሮጀር ቦይስጆሊ የተባለው መሐንዲስ ይህ ነገር ካልተስተካከለ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ታላቅ ጥፋት ሊደርስ እንደሚችል ከስድስት ወር በፊት፣ በጁላይ 1985 ለአለቆቹ በጽሑፍ አስታውቆ ነበር። በዚያች ማታ እሱና ባልደረቦቹ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሙቀት እንዳይነሣ ብለው መከሩ። ከወዲያኛው ወገን ቅሬታ መጣ። ኩባንያው ለብቻዬ ልምከር ብሎ ስልኩን ዘጋ። በዚያ ምክክር ላይ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ፣ የምህንድስና ክፍሉን ኃላፊ የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቀህ የሥራ አስኪያጅ ባርኔጣህን አድርግ አለው። ባርኔጣው ተለወጠ፤ ምክሩም ተለወጠ። የኩባንያው ተወካይ ሆኖ ፍሎሪዳ የነበረው አለን ማክዶናልድ ግን በፈቃዱ ወረቀት ላይ አልፈርምም አለ። ወረቀቱ ከዩታ በሌላ ሰው ተፈርሞ በፋክስ መጣ። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ አየር ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ሰዎች አለቁ። ከመካከላቸው አንዷ እንደኛው መምህርት ነበረች።

ማክዶናልድ በኋላ ለመርማሪው ኮሚሽን እውነቱን በመናገሩ ከሥራው ዝቅ ተደረገ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ገብተውበት ተመለሰ፤ መገጣጠሚያው እንደገና ሲነደፍ ሥራውን የመራውም እሱ ሆነ። ቦይስጆሊ ግን ወደ ቀድሞ ሥራው አልተመለሰም፤ ሙያዊ ሥነ ምግባርን እየዞረ ሲያስተምር ኖሮ በ2012 አረፈ። አንዳንድ ሰዎች «ተናግሮ ምን አተረፈ?» ይላሉ። እኛ በበኩላችን ይህን ጥያቄ አንወደውም። ይልቅ የሚያሳስበን፣ ያን ሌሊት ክርክሩ ሲገለበጥ ነው። መሐንዲሶቹ ደኅና እንደሆነ አረጋግጡ መባል ሲገባቸው፣ እንደሚፈርስ አረጋግጡ ተባሉ። የሚፈርስ ነገር እስኪፈርስ ድረስ ማስረጃው ምንጊዜም ጎደሎ ነው።

ከዚህ የሚቀርበን፣ ስናነሣው እጃችን የሚከብደን የእኛው ነው። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። ካፒቴኑ የ29 ዓመት፣ ረዳቱ የ25 ዓመት ወጣቶች። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አጠገብ ከእርሻ መሬት ላይ ወደቀ። 157ቱም አለቁ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰው አልቆ ነበር። ከጃካርታ የተነሡት መንገደኞችና ከቦሌ የተነሡት አይተዋወቁም፤ የገደላቸው ግን አንድ የሶፍትዌር ሥርዓት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 737 እ.ኤ.አ. በ1967 የበረረ የቆየ አውሮፕላን ነው፤ እግሩ አጭር፣ ለመሬት የቀረበ። በ2010 መጨረሻ ተፎካካሪው ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ ትልልቅ ሞተር የተገጠመለት አዲስ ኤ320 ሲያስተዋውቅ፣ ቦይንግም በቀጣዩ ዓመት በአሮጌው 737 ላይ ትልልቅ ሞተር ለመግጠም ወሰነ። ሞተሩ ለአጭሩ እግር ስለተለቀ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍቶ ተገጠመ። በዚህም ምክንያት አውሮፕላኑ አፍንጫውን በጣም ቀና ሲያደርግ ይበልጥ ቀና የማለት ጠባይ አመጣ። አፍንጫው ከልክ በላይ ከቀና ክንፉ ነፋሱን ይስታል፤ አውሮፕላኑም መደገፊያ ያጣል። ይህን ጠባይ ለማረም በጅራቱ ላይ ያለውን አግዳሚ ክንፍ ራሱ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት በሶፍትዌር ተጻፈ፤ ኤምካስ ይሉታል።

ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። በመጀመሪያው ንድፍ ኤምካስ ሥራ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ሲገጣጠሙ ነበር፤ የአፍንጫው ማዕዘን ሲበዛና በአውሮፕላኑ ላይ የሚያርፈው ጫና ሲጨምር። ጅራቱንም በአንድ ጊዜ ከ0.6 ዲግሪ በላይ አያንቀሳቅስም። ኋላ ግን የሙከራ በረራዎች በዝግተኛ ፍጥነትም እንደሚያስፈልግ ሲያሳዩ ንድፉ ተለወጠ። በዝግተኛ ፍጥነት ጫናው ስለማይጨምር ያ ምልክት ተነሣ፤ የማዕዘኑ ብቻ ቀረ። 0.6 የነበረው 2.5 ዲግሪ ሆነ። አብራሪው አስተካክሎ ሲመልሰውም ሥርዓቱ እንደ አዲስ ተነሥቶ ደግሞ እንዲገፋ ሆኖ ተሠራ። አውሮፕላኑ አፍንጫው ላይ በግራና በቀኝ ሁለት የማዕዘን መለኪያዎች ነበሩት፤ ኤምካስ ግን በአንድ በረራ ላይ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር።

ከላይ «በሁለት ነው» ያልነውን አስታውሱ።

በቦሌው በረራ ላይ፣ አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሣ የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ አለ። የቀኙ 15.3 ነበር። 74.5 ዲግሪ ማለት ግድግዳ ላይ እንደመውጣት ነው፤ የመንገደኛ አውሮፕላን በዚያ ማዕዘን ሊሆን አይችልም። አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያይ አንደኛው እንደተሳሳተ ያውቃል። ሶፍትዌሩ ግን ጎን ለጎን እንዲያይ አልተጻፈለትም። ግራውን አመነ። አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ በወጣው መመሪያ የተነገራቸውን ማብሪያ ማጥፊያ ዘጉ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በእጅ የሚዞረው መንኰራኵር በዚያ ፍጥነት የጅራቱን ክንፍ ማንቀሳቀስ አቃተው። መለኪያው ለምን እንደተበላሸ የእኛና የአሜሪካ መርማሪዎች አልተስማሙም፤ የእኛዎቹ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ሲሉ፣ የአሜሪካኖቹ ወፍ መትቶት ይሆናል ይላሉ። እንደ እኛ አስተያየት ይህ ክርክር ሁለተኛ ነው። መለኪያ በወፍም በሽቦም ይበላሻል፤ መሐንዲስ የተቀጠረው ለዚያ ቀን ነው።

የበለጠ የሚያሳዝነው የተሰወረው ነው። ኤምካስ መኖሩ በአብራሪዎቹ መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። ሁለቱ መለኪያዎች ሲለያዩ አብራሪውን ማስጠንቀቅ የነበረበት ምልክት፣ አማራጭ ዕቃ ገዝተው ላላስገጠሙ አየር መንገዶች እንደማይሠራ ኩባንያው በ2017 ቢያውቅም ማስተካከያው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ብልሽት ቢመጣ አብራሪ በ4 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያስተካክላል ተብሎ ተገመተ። አብራሪዎች በምስለ በረራ መሣሪያ ተጨማሪ ሥልጠና አያስፈልጋቸውም እንዲባል ትልቅ ፍላጎት ነበር፤ ሥልጠናው የግድ ከሆነ ሳውዝዌስት ለተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ለመቀነስ ውል ገብተው ነበር። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን ራሱ ባደረገው ስሌት፣ ማስተካከያ ካልተደረገ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ታይቶ ነበር። አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። በጃንዋሪ 2021 ኩባንያው ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ሁለት ባልደረቦቹ ባለሥልጣኑን ስለዚህ ሥርዓት ማሳሳታቸውን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ለፍርድ የቀረበው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን እሱም በነፃ ተሰናበተ።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ኃላፊነት የት እንዳለ መፈለግ ቀላል አይደለም። እንደዚህ ያለ ሥራ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ይፈርማሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መንግሥት ሁሉን መርምሮ ስለማይዘልቀው፣ ከኩባንያው ሠራተኞች መካከል የተመረጡት በመንግሥት ስም ሆነው የብቃት ማረጋገጫውን ሥራ ይሠራሉ። ደሞዙን ከኩባንያው ይቀበላል፣ ዓይኑን ግን ለመንግሥት ያውሳል። ይህ ሰው የተሸከመው እኛ አማና የምንለው ነው፤ የአማናው ባለቤት ደግሞ አለቃውም ባለሥልጣኑም ሳይሆን፣ ገና ቲኬት ያልቆረጠ፣ በሌላ አገር ያለ፣ በማያውቀው ቋንቋ የሚናገር መንገደኛ ነው። መንገደኛው ስብሰባው ላይ የለም። ለእሱ የሚናገርለት መሐንዲሱ ብቻ ነው።

0.6 ወደ 2.5 ሲለወጥ ምናልባት ማንም ሰው ክፋት አላሰበም። አንዱ ክፍል ለራሱ ችግር መፍትሔ አገኘ፤ ሌላው ክፍል የቀድሞው መልስ ይበቃል ብሎ አለፈ። «መለኪያው ቢዋሽስ?» የሚለው ጥያቄ በ0.6 ጊዜ የተሰጠው መልስ በ2.5 ጊዜ አይሠራም። ቁጥሩ ተለውጦ ጥያቄው እንደገና አልተጠየቀም። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ሙያ ትልቁ ሸክም እዚህ ላይ ነው፤ የተመለሰ ጥያቄን አስነሥቶ፣ ባልደረባ እየተሰላቸ፣ ቀኑ እየደረሰ፣ እንደገና መጠየቅ።

ለተማሪያችን አባት ከሁሉ አስቀድመን የነገርናቸውም ይህንኑ የሚመለከት ነበር። ሒሳብና ፊዚክስ ያስፈልጋታል፣ እሱን እኛ እንጥራለን። ቤት ውስጥ ግን ብርጭቆ ሰብራ «እኔ ነኝ» ስትል ምን ይሏታል? አልናቸው። ሳቁ። ቀልድ አልነበረም። በበረራ ዓለም ውስጥ ስሕተትን ያለ ፍርሃት ማስታወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ስለታወቀ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎችና ሌሎች ባለሙያዎች ስሕተታቸውን ጽፈው የሚልኩበት፣ ስማቸው የሚጠበቅበት መዝገብ ናሳ ይዟል። ስሕተቷን ስታወራ የምትመታ ልጅ መጀመሪያ የምትማረው መደበቅን ነው። አባትየው ትንሽ ዝም ብለው፣ «እናቷን ነው መምከር ያለብዎ» አሉን። እናቶች ሆይ፣ ይህን የጻፍነው በእሳቸው ትእዛዝ መሆኑ ይታወቅልን!

737 ማክስ በመላው ዓለም ለ20 ወራት ከታገደ በኋላ፣ በኖቬምበር 2020 አሜሪካ ውስጥ እንዲበር ተፈቀደ። አሁን ኤምካስ ሁለቱንም መለኪያዎች ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ አይሠራም፤ ለአንድ ምክንያት አንዴ ብቻ ይገፋል፤ ኃይሉም አብራሪው መሪውን ስቦ ሊያሸንፈው ከሚችለው አያልፍም። አብራሪዎችም በምስለ በረራ መሣሪያ ይሠለጥኑበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስን እንደገና ሲያበር በመጀመሪያው በረራ ላይ የራሱን ኃላፊዎች፣ የመንግሥት ባለሥልጣናትን፣ ዲፕሎማቶችንና ጋዜጠኞችን አሳፍሮ ነበር።

ይህን ታሪክ ለክፍሉ ስንተርክ ሁለቱን ቁጥሮች፣ 74.5 እና 15.3፣ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፍናቸው። ወረቀቷን የጻፈችልን ልጅ እጇን አወጣች። «ሁለተኛው መለኪያ እዚያው አውሮፕላኑ ላይ ነበር አይደል፣ ቲቸር? ታዲያ ለምን አልጠየቁትም?» አለች። ደወል ተደወለ፤ ልጆቹ ግን ወዲያው አልተነሡም።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ፣ ከደሴ አንዲት እናት ስለ ልጆች የቤት ሥራና ስለ ቴሌቪዥን በጻፉልን ደብዳቤ ላይ እንገናኛለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።